የደጃፍን ጎርፍ በአፈርና በሥር ማጣራት፦ ለድሬዳዋ ግቢ የሚሆን የዝናብ መደብ አሠራር

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከራሷ እግር ሥር ነው። የሳቢያን ሰፈርን ጨምሮ በየቦታው የተቆፈሩ ጉድጓዶች እንጂ ተገድቦ የሚመጣላት ወንዝ የለም። በበጋው ወራት በየደጃፉ የሚጠራቀመው የባጃጅ ዘይት፣ የጎማ ብናኝ፣ የፍየል በጠጥ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚታጠበው ዚንክ፣ ይህ ሁሉ የመጋቢት የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ አብሮ ይነሳል። ግማሹ ከተማዋን አቋርጦ ወደሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ ወደ ደቻቱ አሸዋ ይሄዳል፤ ግማሹ እዚያው ይሰርጋል። የሚሰርገው ደግሞ መድረሻው ይታወቃል።

ባለሙያዎች ሬይን ጋርደን የሚሉት የዝናብ መደብ ይህን ውሃ መንገድ ላይ ያዝ አድርጎ የሚያጣራ፣ ጎድጎድ ያለ ተክል ያለበት መደብ ነው። ውሃው ሲቆም ደለሉ ይዘቅጣል። ዚንክና እርሳስን የመሰሉ ብረቶች ከላይኛው አፈር ጋር ይጣበቃሉ፤ ስሱን ዘይት በሥሮቹ ዙሪያ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ግን አያቆምም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ውሃ ከተራራው የመጣ ነበር፤ እንዲህ ላለው በግቢ የሚሠራ መፍትሔ የለውም። መደቡ የሚችለው የራሳችንን ጣሪያና የራሳችንን ደጃፍ ነው።

1. ቦታና ስፋት

ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ። ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ፣ ከኒም ዛፍ ሥርም አይሁን። የውሃና የመብራት መስመር የት እንደሚያልፍ ሳታጣሩ ዶማ አታንሱ።

ስፋቱ ውሃ ከሚልክለት ቦታ አንድ አሥረኛ ቢሆን ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ከ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ 1,200 ሊትር ገደማ ይወርዳል። 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ የሚያቁር 6 ካሬ ሜትር መደብ 900 ሊትር ይይዛል፤ የቀረውን እየዘነበ ሳለ አፈሩ ይጠጣዋል። ሌላ አገር ከዚህ ያነሰ ስፋት የሚመክሩ አሉ። የድሬ ዝናብ ግን ሲመጣ በአንዴ ስለሚያወርደው፣ እኔ ከአንድ አሥረኛ በታች አልልም።

2. አፈሩ ምን ያህል እንደሚጠጣ መለካት

30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉት። ጠጥቶ ሲጨርስ እንደገና ሙሉትና እንጨት አቁማችሁ በሰዓት ስንት እንደወረደ ምልክት አድርጉ። ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቦታው አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ።

ድሬ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን ተቃራኒው ነው፤ በተለይ በደቻቱ ዳርና በአሸዋማው ሰፈር። ሁለተኛውን ባልዲ አፍስሳችሁ ቀና ሳትሉ ውሃው ጠፍቷል። ሰው ይህን ሲያይ «አቦ፣ ይሄማ አለቀለት!» ይላል። አላለቀም። ቶሎ የሚሰርግ ውሃ ሳይጣራ የሚሰርግ ውሃ ነው፤ ባዶ አሸዋ ውስጥ ዘይቱን የሚበላም ብረቱን የሚይዝም ነገር ብዙም የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተፈጥሮውን አፈር አምኖ ተክል ብቻ መትከል ቆሻሻውን ለጉድጓዶቹ ማቀበል ነው። ስለዚህ ቆፍሮ አውጥቶ በቅልቅል መሙላት ግዴታ ነው።

3. ቁፋሮ

ጥርና የካቲት ጥሩ ጊዜ ነው። 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፤ 60ው ለአፈር፣ 15ቱ ለውሃ ማቆሪያ። ወለሉ ዝርግ ይሁን። በዓይን አትመኑት፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ የጎማ ቱቦ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ወለሉ ካዘነበለ ውሃው ሁሉ አንድ ጥግ ይከማችና የቀረው መደብ ሥራ ፈት ይሆናል። ታችኛውን አፈር እየረገጣችሁ አታጠንክሩት። የፕላስቲክ ንጣፍ የሚያስገዛችሁ ሰው ካለም አትስሙት፤ መደቡን ገንዳ ያደርገዋል።

4. ቅልቅሉ

አምስት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ የተነፋ ተራ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ።

አሸዋውን ከመግዛታችሁ በፊት በሃይላንድ ጠርሙስ ፈትኑ። ግማሽ ያህል አሸዋ አድርጉበት፣ ውሃ ሙሉት፣ ናጡት፣ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ በማግስቱ ከላይ የተጋገረው ጭቃ ወፍራም ከሆነ ያ አሸዋ መደባችሁን ይደፍነዋል። ሻጩ «የታጠበ ነው» ቢልም ጠርሙሱን እመኑ።

ብስባሹ ሙሉ በሙሉ የበሰለ ይሁን፤ ሽታው የእበት ሳይሆን የአፈር። በከተማዋ አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት (ከፍግና ከፍሳሽ የሚመጣ፣ በውሃ የሚሟሟ ጨው) ከልክ በላይ መገኘቱ በጥናት የታወቀ ነው፤ ትኩስ ፍግ መጨመር በዚያው ላይ መጨመር ነው። የዝናብ መደብ ደለልን፣ ዘይትንና ብረትን በደንብ ይይዛል፣ ናይትሬትን ግን እምብዛም። ከከብት በረት ወይም ከሽንት ቤት የሚወጣ ፍሳሽ በፍጹም እንዳይገባበት። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም እንደዚሁ፤ እሱ በጀሪካን ተሰብስቦ ይሰጣል እንጂ አይደፋም።

5. መግቢያው

መደቦች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ያየሁት መደብ ቅልቅሉም ተክሉም ደህና ነበር፤ ውሃው ግን በቀጥታ ከመንገድ ነበር የሚገባበት። ክረምቱ ሳያልቅ ከላዩ ደቃቅ አሸዋ ተጋግሮበት እንደ ምጣድ ደረቀ፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በላዩ ላይ ተንሸራቶ ያልፍ ጀመር።

ስለዚህ ከመደቡ በፊት ደለል የሚቀርበት ትንሽ ጉድጓድ ሥሩ፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር። ጎኑን በድንጋይ ገንቡት። ከፊቱ በአርማታ ብረት የተበየደ ፍርግርግ አድርጉ፤ ፌስታሉ፣ ሃይላንዱና ገራባው (የጫት ትርፍራፊ) እዚያ ይቅር። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት ሰፈር ከሆናችሁ የፍርግርጉን ቀዳዳ ጠበብ አድርጉት፤ ገራባ በሰፊ ቀዳዳ ያልፋል።

የጉድጓዱን ወለል ግንበኛው በሲሚንቶ ሊለስነው ይፈልጋል። ሥራው ያማረ ስለሚመስለው ነው፤ ከልክሉት። ወለሉ ልቅ ጠጠር ሆኖ ውሃው መስረግ አለበት። ከተማዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጌ ትኩሳትን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው የከተማ ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ አይታለች፤ ሁለቱንም የሚያመጡት ትንኞች ለመራባት ትንሽ የቆመ ውሃ ይበቃቸዋል። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ ክንፍ አንድ ሳምንት አካባቢ ነው። በዚህ የተነሳ መደቡም ጉድጓዱም በ24 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለባቸው።

ከጉድጓዱ ወደ መደቡ የሚገባበት ላይ የጡጫ ያህል ድንጋዮች ደርድሩ፤ ውሃው እየተሰበረ ይግባ። በወዲያኛው ጫፍ ከአፈሩ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ከግቢው ወለል ግን ያልበለጠ መውጫ ይኑር፤ ትርፉ ወደ መንገዱ ቦይ ይሂድ።

6. ተክል

የምትፈልጉት ለሁለት ሰዓት መስጠምን፣ ለአራት ወር መጠማትን የሚችል ነው። መሐል ላይ ቬቲቨር የተባለው ሳር፤ ሥሩ በቀጥታ ወደ ታች ስለሚወርድ አፈሩን ክፍት ያደርገዋል፣ ሲበረታ ፍየልም ብዙ አትደፍረውም። ቀጥሎ ጠጅ ሳርና ሰንበሌጥ፣ ደረቅ በሆነው ዳር ላይ እሬት። ቀጠማ ዓመቱን ሙሉ ርጥበት ስለሚፈልግ እዚህ ይደርቃል። ጎመንና ቃሪያ አይተከልበትም፤ ብረት የሚከማችበት አፈር ነው። ጠጅ ሳሩንም ሻይ ውስጥ አትጨምሩት።

ዝናቡ ሲጀምር ትከሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በጋ በሳምንት ሁለቴ አጠጡ። በተክሎቹ መሐል የደረቀ ሳር አልብሱ። የእንጨት ፍቅፋቂ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ተንሳፎ መውጫውን ይደፍናል።

7. እንክብካቤ

ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላ ፍርግርጉን አጽዱ፤ የደለሉ ጉድጓድ ግማሽ ሲሞላ በአካፋ አውጡት። ዝናብ ካቆመ በማግስቱ መደቡ ላይ ውሃ ካያችሁ የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ፍቃችሁ በአዲስ ቅልቅል ተኩ። ያወጣችሁትን አፈርና ደለል ጓሮ አትክልት ላይም ደቻቱ ውስጥም አትጣሉት፤ በማዳበሪያ ከረጢት አስራችሁ ከደረቅ ቆሻሻው ጋር ስጡት።