የህንድ ክላሲካል ሙዚቃን እንዴት እናድምጥ? «ሳ»ን እና «ሳም»ን መያዝ

የህንድ ሙዚቃ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የፊልሙ ዘፈን ነው። ክላሲካሉ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ራጋ፣ ማለትም የራሱ ድምፆችና አካሄድ ያለው የዜማ መሠረት፣ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃም ብዙ ጊዜ ከበሮ የለውም። ሞክሮት «ያምራል፣ ግን ሁሉም አንድ ነው» ብሎ የተወው ሰው ብዙ ነው። ጆሮው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ዜማው የሚመለስበትን ድምፅና ምቱ የሚመለስበትን ቦታ የሚያሳየው ስላጣ ነው። ድምፁ «ሳ» ይባላል፣ ቦታው ደግሞ «ሳም»። እነዚህን ሁለቱን የያዘ አድማጭ ሌላውን ቀስ በቀስ ራሱ ይደርስበታል።

1. አንድ ቅጂ ይምረጡ

ሁለት ትልልቅ ወጎች አሉ፤ የሰሜኑ ሂንዱስታኒና የደቡቡ ካርናቲክ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱን አያደባልቁ። ለጀማሪ የሚቀለው የሰሜኑ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ ሲታርና ሳሮድ የሚባሉት የአውታር መሣሪያዎች ወይም ባንሱሪ የሚባለው የቀርከሃ ዋሽንት። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የሚሆን፣ የተጫዋቹ፣ የራጋውና የታላው (የምቱ ዙር) ስም የተጻፈበት ቅጂ ይፈልጉ። «ለእንቅልፍ» ወይም «ለማሰላሰል» ተብለው የተጠራቀሙት አይጠቅሙም፤ መግቢያው ተቆርጦ፣ የራጋው ስም ጠፍቶ ነው የሚቀርቡት።

በስልክ ድምፅ ማጉያ አይስሙ። ታብላ የሚባለው ጥንድ ከበሮ ወፍራም ድምፁ በስልክ አይሰማም፤ ከታች እንደምናየው ሳምን የምናገኘው ደግሞ በዚያው ድምፅ ነው። ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ ይሻላል። ቤዝ የሚጨምረውን ማስተካከያ ያጥፉት።

2. «ሳ»ን ይያዙ

ከኋላ ሳያቋርጥ የሚሰማው ንዝረት የታንፑራ ነው። ታንፑራ ብዙውን ጊዜ አራት አውታር አለው፣ ዜማ አይጫወትም፣ ሥራው መሠረቱን ማስያዝ ብቻ ነው። በገና ለለመደ ጆሮ ድምፁ እንግዳ አይሆንም። በገና ላይ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው የቆዳ እንዝራ ያንን የሚንዘረዘር ድምፅ እንደምታወጣ ሁሉ፣ ታንፑራም ላይ በአውታሩና በሰፊው በርኩማ መካከል ቀጭን ክር ይገባል። ክሩ በጥቂቱ ወዲህ ወዲያ ሲል ድምፁ ይከፈታል ወይም ይታፈናል።

የሙዚቃው ሰባት ድምፆች ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ ይባላሉ። አውታሮቹ በተራ ይመታሉ፦ ፓ፣ ሳ፣ ሳ፣ ከዚያ ወፍራሙ ዝቅተኛ ሳ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚመታው አውታር ጎልቶ ስለሚሰማ ፓን ሳ ነው ብሎ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ዜማው ሁሉ የተንጠለጠለ ይመስለዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ተከታትለው አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጡትን ሁለቱን የመሐል አውታሮች ይፈልጉ፤ ሳ እነሱ ናቸው። አፍዎን ዘግተው ያንን ድምፅ ለሁለት ደቂቃ ያንጎራጉሩ። ዜማው ርቆ ሄዶ ወደሚያንጎራጉሩት ድምፅ ሲመለስ ዕረፍቱን ደረትዎ ላይ ይሰሙታል። ማልካውንስን የመሰሉ ፓ የሌላቸው ራጋዎች ላይ የመጀመሪያው አውታር ማ ላይ ይቃኛል፤ የመሐሎቹ ሁለቱ ግን እንዳሉ ናቸው።

3. ራጋውን በቅኝት ጆሮ ይቅረቡት፣ ግን እዚያ አይቁሙ

የእኛ ሰው እዚህ ላይ ቀድሞ የተሰናዳ ጆሮ አለው። ቡፓሊ የሚባለው ራጋ አምስቱ ድምፆች የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ጉንካሊ የአምባሰልን አምስት ድምፆች ይጠቀማል፤ ዳኒ ደግሞ የባቲ ማይነርን። ስለዚህ ከቡፓሊ ቢጀምሩ ድምፆቹን ለመልመድ ጊዜ አያጠፉም፤ ሙሉ ትኩረትዎ አካሄዱ ላይ ይሆናል።

ራጋ ግን ቅኝት ብቻ አይደለም። ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋ አለ፤ አምስቱም ድምፆቹ ከቡፓሊ ጋር አንድ ናቸው። ሆኖም ቡፓሊ የምሽት ነው፣ ክብደቱን ጋ ላይ ጥሎ ዝቅ ባለው ክልል ይመላለሳል። ዴሽካር የጠዋት ነው፣ ዳ ላይ ይቆማል፣ ከላይኛው ሳ አካባቢ መውረድ አይፈልግም። ሁለቱን በአንድ ቀን አከታትለው ይስሟቸው። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት የገባው ሰው ራጋ ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ የለም።

አላፕን አይዝለሉ። አላፕ ያለ ከበሮ፣ በዝግታ፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ የሚያስተዋውቀው መግቢያ ነው። ብዙ ጀማሪ ታብላው እስኪገባ ድረስ ቅጂውን ወደፊት ይገፋዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሁሉ ያልተዋወቀው ሰው ወሬ ይሆንበታል። የሚረዳ ዘዴ ይኸው፦ ተጫዋቹ የላይኛውን ሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ የሚቆምባትን ደቂቃ ይጻፉ። ጥሩ ተጫዋች ወደዚያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ተጠግቶ ይመለሳል፤ ሲደርስ ጆሮ ናፍቆት ቆይቶ ነው። ከአላፕ በኋላ ምት ያዝ የሚያደርገው ጆር፣ ከዚያ ፈጣኑ ጃላ ይመጣሉ። ታብላው ከዚያ ይገባል።

4. ሳምን መቁጠር

ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው።

ታላ ዙር ነው፤ ሳም የዙሩ የመጀመሪያ ምት ነው። በሰሜኑ በብዛት የሚሰማው ቲንታል 16 ምት አለው፣ አራት አራት እየሆነ ይከፈላል። በ1፣ በ5 እና በ13 ያጨበጭባሉ፤ በ9 መዳፍዎን ወደ ላይ ገልብጠው ዝም ይላሉ። ታብላው የሚደጋግመው መሠረታዊ አመታት ቴካ ይባላል፣ በአፍ ሲነገር እንዲህ ነው (እዚህ «ዳ» የአመታት ስም ነው እንጂ ድምፁ ዳ አይደለም)፦

ዳ ዲን ዲን ዳ፣ ዳ ዲን ዲን ዳ፣ ዳ ቲን ቲን ታ፣ ታ ዲን ዲን ዳ።

ቅጂ ሳይከፍቱ ይህን በአፍዎ እያሉ፣ በእጅዎ እያጨበጨቡ ሃያ ዙር ይሂዱ። አሁን ተነባቢዎቹን ይመልከቱ። «ዳ» እና «ዲን» ላይ ባያን የሚባለው ወፍራሙ ከበሮ አብሮ ይመታል፤ «ታ» እና «ቲን» ላይ ግን ዳያን የሚባለው ቀጭኑ ብቻውን ነው። ስለዚህ ከ10ኛው እስከ 13ኛው ምት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ በ14ኛው «ዲን» ተመልሶ ይገባል። ቁጥር የጠፋበት ሰው ማድረግ ያለበት ይህንኑ መጠበቅ ነው፦ ወፍራሙ ድምፅ ሲጠፋ ይዘጋጁ፣ ሲመለስ 14፣ 15፣ 16 ይበሉ፣ ቀጣዩ ሳም ነው። ከአንድ ጀምሮ ለመቁጠር መታገል አያስፈልግም፤ ከመጨረሻው መያዝ ይቀላል።

ይህም ሆኖ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው ፍጥነት ነው። በዝግተኛው ክፍል ታብላው በሁለት ምት መካከል ያለውን ክፍተት በትንንሽ አመታት ይሞላዋል፤ ጀማሪ ሙሌቱን እንደ ምት ይቆጥርና 32 ላይ ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ ያዝግሙት። በተለይ ኤክታል በሚባለው ታላ በዝግታ የሚዘፈነውን ኻያል (የሰሜኑን የድምፅ ዘፈን) ለጊዜው ያቆዩት። 12 ምት ብቻ ቢሆንም አንዱ ዙር ከ40 ሰከንድ በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ልምድ ያለውንም ያደክማል። በመካከለኛ ፍጥነት ቲንታል ይጀምሩ።

ሁለተኛው፣ መከተል የሌለብንን ተጫዋች መከተል ነው። ሲታሩ በነፃነት ሲፈጥር ታብላው ቴካውን ይጠብቃል፤ ታብላው ሲፈጥር ሲታሩ ጋት የሚባለውን አጭር ዜማ እየደጋገመ ዙሩን ይጠብቃል። ጆሮ ግን በተፈጥሮው ወደሚያብረቀርቀው ይሄዳል። የሚደጋግመውን ሰው ይያዙ። በዝግተኛው የማሲትካኒ ጋት ላይ ዜማው የሚነሳው በ12ኛው ምት ነው፤ አምስት ምት ተጉዞ ሳም ላይ ያርፋል። ያ መነሻ ሐረግ በመጣ ቁጥር ሳም እየቀረበ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ቲሃይ ነው፤ ይህ እንኳ ከሚያሳስተው የሚያስደስተው ይበልጣል። አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ የሦስተኛው የመጨረሻ ምት ሳም ላይ ይወድቃል፤ ግጥም ቤት ሲመታ እንዳለው ነው። ሐረጉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ካወቁት፣ ማረፊያውን ከተጫዋቹ ጋር አብረው ይጠብቃሉ።

ወደ ደቡቡ ሲሻገሩ አዲ ታላ 8 ምት ነው፦ አንድ ጭብጨባ፣ ከትንሿ ጣት ጀምሮ ሦስት ጣት መቁጠር፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ግልበጣ፣ ጭብጨባ፣ ግልበጣ። እዚያ ዘፋኙ ራሱ በእጁ ጭኑ ላይ ስለሚቆጥር እያዩ መከተል ይቻላል። ዘፈኑ ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ምት ትንሽ ዘግይቶ ይነሳል፤ እጁን እንጂ ግጥሙን አይመኑ።

5. አንድ ራጋ፣ ብዙ ቅጂ

አንድ ወር ሙሉ ያማንን ብቻ ይስሙ፤ የማታ ራጋ ነው፣ ቅጂው ሞልቷል። ከሲታር ራቪ ሻንካርን፣ ኒኪል ባነርጂንና ቪላያት ካንን፣ ከድምፅ አሚር ካንን ያወዳድሩ። ሃምሳ ራጋ አንድ አንድ ጊዜ ከመስማት አንድ ራጋ ሃምሳ ጊዜ መስማት ይበልጣል።

የቅጂው ዘመን የሙዚቃውን ቅርጽ ይወስናል። ዘፋኟ ጋውሃር ጃን እ.ኤ.አ. በ1902 ስትቀዳ ሸክላው የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ሙሉ ራጋ በዚያ ተጨምቋል። የኋላው ረጅም ሸክላ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ስለሚይዝ አላፑ አጥሯል። አላፕን በሙሉ ስፋቱ የሚያገኙት ከመድረክ በተቀዱት ላይ ነው፤ ድምፃቸው ቢሻክርም እነሱን እመርጣለሁ።

ስም እንዳያሳስትዎ። የደቡቡ ካልያኒ የሰሜኑ ያማን ዘመድ ነው፣ ሞሃናም የቡፓሊ፣ ሂንዶላም የማልካውንስ። የሰሜኑ ሂንዶል ግን ከሂንዶላም ጋር አይገናኝም። የደቡቡ ቶዲም በድምፆቹ የሰሜኑን ባይራቪ እንጂ የሰሜኑን ቶዲ አይመስልም።

6. መድረክ ላይ

ታላቁ ወቅት የቼናይ ነው፤ በማርጋዢ፣ ከእኛ ታኅሣሥ በጥቂት ቀናት ብቻ በሚለይ ወር፣ ከጠዋት እስከ ማታ በብዙ አዳራሾች ይቀርባል። በፑኔ የሳዋይ ጋንዳርቫ በዓል ታኅሣሥ ላይ ነው፣ በኮልካታ የዶቨር ሌን ጥር ላይ ሌሊቱን ይዞ ይሄዳል። አሜሪካ ላሉ ወገኖች ክሊቭላንድ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን የደቡቡን የዜማ ደራሲ የቲያጋራጃን በዓል ታከብራለች፤ ለንደን ላሉት ዳርባር የሚባል በዓል አለ።

የታብላውን ወይም የዘፋኙን እጅ የሚያሳይ ወንበር ይያዙ፤ ከመሐል ይልቅ ጎን ብዙ ጊዜ ይሻላል። መሬት ላይ ከሆነ ጫማ ይወልቃል፣ እግር ወደ መድረክ አይዘረጋም። ለመቃኘት አያጨብጭቡ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1971 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለባንግላዴሽ በተደረገው ዝግጅት ሕዝቡ የራቪ ሻንካርን መቃኘት ሙዚቃው መስሎት አጨብጭቧል። መሐል ላይ ግን ዝም ማለት ግድ አይደለም፤ ያማረ ሐረግ ሲመጣ በሰሜን «ዋህ»፣ በደቡብ «ሳባሽ» ይባላል። ሳም ላይ አዳራሹ አንድ ላይ ራሱን ሲነቀንቅ ያያሉ፤ ቁጥር ከጠፋዎት ከእነሱ ይውሰዱ።

በካርናቲክ መድረክ ዋናው ዘፈን ላይ ከበሮዎቹ ብቻቸውን የሚጫወቱበት ታኒ አቫርታናም አለ። ብዙ ሰው ያኔ ተነስቶ ቡና ፍለጋ ይወጣል። ይህ ለተጫዋቹ ክብር ማጣት ነው፣ ለአድማጩም ኪሳራ፤ ቆጠራ ለሚማር ሰው ከዚያ የተሻለ ሩብ ሰዓት አይገኝም። የደቡቡ መድረክ ማንጋላም በሚባለው የመዝጊያ ዘፈን፣ የሰሜኑ ብዙ ጊዜ በባይራቪ ይዘጋል፤ እስከዚያ ይቀመጡ። ቤት ሲገቡ የዋናውን ራጋ ሌላ ቅጂ ከፍተው አሥር ደቂቃ አላፕ ይስሙ፤ ድምፆቹ ጆሮዎ ላይ ሳይበርዱ።