ከአዲስ አበባ ዳር ላለ ቤት የራውተር አንቴና እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይተከላል?

ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ የሚኖር ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ግቢ ውስጥ ሞልቶ የነበረው ኔትወርክ ሳሎን ሲገቡ ይጠፋል። የቆርቆሮ ጣሪያ የሬዲዮ ሞገድ አያሳልፍም፣ ብሎኬቱም ያዳክመዋል። ወጨጫና የረር ሥር ያሉ ሰፈሮችን ደግሞ ተራራው ራሱ ይጋርዳቸዋል። በሲም ካርድ ለሚሠራ ራውተር ውጭ የሚተከል አንቴና የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ግን ብዙ ሰው ብሩን አንቴናው ላይ ጨርሶ ገመዱን በርካሽ ይገዛል። እዚያ ላይ ነው ሁሉ ነገር የሚበላሸው።

መጀመሪያ ለኩ

የራውተሩን ገጽ በስልካችሁ ክፈቱ። አድራሻው ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል። አርኤስአርፒ (RSRP) የሚለው ቁጥር የሞገዱን ጥንካሬ ያሳያል። ‑85 አካባቢ ጥሩ ነው፣ ‑110 ደካማ ነው፣ ‑120 ላይ መቆራረጥ ይጀምራል። ኤስአይኤንአር (SINR) የሚለው ደግሞ ጥራቱን ይናገራል። ከ20 በላይ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ 0 ማለት ጫጫታው፣ ማለትም የሚረብሸው ሌላ ሞገድ፣ ከምትፈልጉት ሞገድ እኩል ሆኗል ማለት ነው። የባንዱንም (ታወሩ የሚጠቀምበትን የሞገድ መደብ) ቁጥር ጻፉ። ባንድ 20 ማለት 800 ሜጋ ኸርዝ፣ ባንድ 3 ማለት 1800፣ ባንድ 7 ማለት 2600 ነው።

ቀጥሎ በኤክስቴንሽን ራውተሩን ደጅ አውጡትና እንደገና ለኩ። የአርኤስአርፒው ቁጥር በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከተሻሻለ አንቴና ያዋጣችኋል። ቤት ውስጥም ‑85 እያሳየ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ታወሩ ላይ ሰው በዝቷል ማለት ነው። ለዚህ አንቴና መፍትሔ አይሆንም፤ ብራችሁን አታውጡ።

አንቴናውን መምረጥ

ከከተማ ዳር ብዙ ጊዜ የሚያገለግለን አንድ ራቅ ያለ ታወር ነው። ስለዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያይ አንቴና ይሻላል። ጠፍጣፋው ፓነል ወይም እንደ ድሮው የቴሌቪዥን አንቴና ዘንግ የተደረደረበት ይሆናል። ዙሪያውን የሚቀበለው ለሚንቀሳቀስ መኪና ነው የሚመቸው።

300ን በሜጋ ኸርዙ ብታካፍሉ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ። ለ1800 ወደ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ለ800 ወደ 37 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንቴና የሚሠራው በዚህ ልክ ስለሆነ የጻፋችሁት ባንድ ካርቶኑ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። መዳፍ የሚያክል አንቴና ላይ «35 ዲቢአይ» (ዲቢአይ አንቴናው ሞገድ የማሰባሰብ አቅሙ የሚለካበት ነው) ተጽፎ ካያችሁ አትመኑት። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጥሩ ፓነል 10 አካባቢ ነው የሚሰጠው። ራውተሩ ሁለት የአንቴና ቀዳዳ ካለው ሁለት ግዙ፣ ወይም በውስጡ ሁለት የያዘውን።

ገመዱ

አርጂ‑58 የሚባለው ቀጭን ገመድ በ1800 ሜጋ ኸርዝ ብዙ ጉልበት ያባክናል። 10 ሜትር ከዘረጋችሁት፣ አንቴናው ከያዘው ሩቡ እንኳ ራውተሩ ጋ አይደርስም። አንቴናው ያተረፈውን ገመዱ በላው ማለት ነው። ወፍራሙ ኤልኤምአር‑400 በዚያው ርቀት ከግማሽ በላይ ያደርሳል፤ ግን ውድ ነው፣ ለማጠፍም ያስቸግራል።

ከሁለቱም የሚሻለው ራውተሩን ወደ አንቴናው ማስጠጋት ነው። ለአንቴናው ከሚቀርበው ክፍል ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ኮርኒስ ላይ ግን አይሁን፣ የቆርቆሮው ሙቀት ይጎዳዋል። ከዚያ ወደ ሳሎን ተራ የኔትወርክ ገመድ ዘርጉ። እሱ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። የዲሽ ገመድ አትጠቀሙ፤ 75 ኦም ነው፣ ራውተሩ ግን የተሠራው ለ50 ኦም ነው።

መትከል

የብረት ቱቦውን በፊሸርና በቡሎን ከግድግዳ ጋር እሰሩ። አንቴናው ከቆርቆሮው በላይ ብቅ ይበል፣ ፊት ለፊቱም ባሕር ዛፍ አይኑር። ከሁሉ በፊት የመብራት ሽቦውን እዩ! ቱቦው ቢወድቅ ሽቦው ጋ የሚደርስ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። ብቻችሁን ጣሪያ ላይ አትውጡ፤ ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት።

ሁለቱን አንቴናዎች አንዱን በ45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ አዘንብሏቸው። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ፣ በየአቅጣጫው አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ቁጥሩን ጻፉ። በዓይን የሚታየው ታወር የሌላ ድርጅት ሊሆን ስለሚችል የምታምኑት ቁጥሩን ይሁን። ጥንካሬው ተቀራራቢ ከሆነ ጥራቱ የሚበልጥበትን ምረጡ።

ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲረግብ አድርጉ፣ ዝናቡ እዚያ ጋ ይንጠባጠባል። ማያያዣዎቹን ውሃ በማያስገባ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉ። ቱቦውን በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከቤቱ ኧርዝ ጋር አገናኙ፤ ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሠራው ይመረጣል። ኧርዝ ቢኖርም መብረቅ በቀጥታ ከመታው ዕቃውን አያድነውም። ስለዚህ ሰማዩ ማጉረምረም ሳይጀምር የአንቴናውን ገመድ ከራውተሩ፣ ራውተሩንም ከሶኬት ንቀሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ቡሎኖቹን አጥብቁና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ በደንብ ወርዶ ካገኛችሁት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃ የገባበት ማያያዣ ነው።