የዲከረንስ ከሰል፦ ጭሱን እያዩ ማክሰል

በአዊ ደጋ፣ በፋግታ ለኮማና በእንጅባራ ዙሪያ፣ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘመድ ዛፍ በብዛት የሚተከለው ለከሰል ነው። ችግኙ በአራት በአምስት ዓመቱ ለመጥረቢያ ይደርሳል። ይህን ያህል ዓመት የተጠበቀ እንጨት ግን ክምሩ በተለኮሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ግማሹ አመድ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር ይመጣል፤ ከእርጥብ እንጨትና ካልታየ ስንጥቅ።

እንጨት የሚከስለው አየር ተነፍጎት በሙቀት ብቻ ሲፈርስ ነው። ጥቂቱ ነድዶ ሌላውን ያበስለዋል። ስለዚህ የአክሳዩ ሥራ የሚነደውን ድርሻ ማሳነስ ነው።

ከእርጥበት እንጀምር። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ሞቆ ተንኖ እስኪያልቅ 2.6 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይፈጃል፤ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ነድዶ የሚሰጠው 18 ወይም 19 ሜጋጁል ነው። 1000 ኪሎ ትኩስ እንጨት ብትከምሩ 500 ኪሎውን ውሃ ለማትነን ብቻ 70 ኪሎ ደረቅ እንጨት ይነዳል፤ ክምሩ ውስጥ ካለው ደረቅ እንጨት 14 በመቶው ማለት ነው። እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ይህ ድርሻ 3.5 በመቶ ብቻ ይሆናል። ሒሳቡ ሙቀት ጨርሶ እንደማይባክን አድርጎ የተሠራ ነው፤ በአፈር ክምር ኪሳራው ከዚህም ይብሳል።

እንጨቱን በበጋ ቁረጡና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ እንዲገባው አራርቃችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ወር አድርቁት። ከ15 ሳንቲ ሜትር የወፈረውን ፍለጡ። የደረቀ ጉማጅ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱን ስታጋጩ ድምፁ ጥርት ይላል። የሚላጥ ቅርፊት ካለ ልጣችሁ አስቀሩት፤ የቅርፊት ከሰል ፍርክስክስ ነው፣ አመዱም ብዙ ነው።

ውሃ የማይተኛበት ሜዳ ምረጡ። መጀመሪያ ቀጫጭን አግዳሚዎች መሬት ላይ ዘርግታችሁ የአየር መተላለፊያ አብጁ። በላዩ አንድ ሜትር ያህል የሆኑ ጉማጆችን አግድም ደርድሩ፤ ወፍራሙ መሐል፣ ቀጭኑ ዳር፣ ፍልጡና ጭራሮው ክፍተት መሙያ ይሁን። ክፍተት የበዛበት ክምር አየር ይይዛል፣ አየር ያለበት ይነዳል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሩብ ባይበልጥ ለመቆጣጠር ይቀላል። ከላይ ሣርና ቅጠል አንድ ስንዝር ያህል ጥቅጥቅ አድርጉ፤ አፈሩ ወደ ውስጥ እንዳይረግፍ የሚይዘው እሱ ነው። በመጨረሻ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አፈር አልብሱት። ቀይ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ቀደም ሲል ከተከሰለበት ቦታ የቀረው የተቃጠለ ጥቁር አፈር ይመረጣል። ማቀጣጠያውን በአንድ ጫፍ ተዉ፣ ከግርጌው ዙሪያ በዶማ እጀታ ስፋት ቀዳዳዎች ክፈቱ።

ከዚህ በኋላ ቴርሞሜትሩ ጭሱ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ፣ ወፍራምና እርጥብ ጭስ በአብዛኛው የውሃ እንፋሎት ነው። እንጨቱ 200 ዲግሪ ሲያልፍ ከተሠራባቸው ነገሮች ለሙቀት ቶሎ የሚሸነፈው ሄሚሴሉሎስ መፍረስ ይጀምራል፤ ጭሱ ወደ ቢጫና ቡናማ ይዞራል፣ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ሽታው እውነትም የኮምጣጤ አሲድ ነው። ከ280 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ እንጨቱ ሲፈርስ ሙቀትን ራሱ ያመነጫል፤ የእንጨቱ ዋና ጭረት የሆነው ሴሉሎስም በብዛት የሚፈርሰው በ300 እና በ380 መካከል ነው። ብዙ ክምር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ለማቀጣጠል የተከፈተው ቀዳዳ ሁሉ እንደተከፈተ ይተዋል። ጭሱ ቀለም እንደቀየረ አየሩን ቀንሱ።

ጭሱ ቀጥኖ ሰማያዊ ሲሆን በዚያ ቦታ ያለው ከስሏል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነደው ከሰሉ ራሱ ነው። ያን ቀዳዳ ወዲያው ድፈኑና እሳቱ ወደሚሄድበት ጫፍ ሌላ ክፈቱ። እንጨት ሲከስል ስለሚኮማተር ክምሩ ይሰምጣል፣ አፈሩም ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በሣርና በእርጥብ አፈር ሙሉት። ሌሊት ተራ ገብቶ መጠበቅ ግድ ነው፤ ክምሩ ላይ መቆም ግን ክልክል ነው፣ ይደረመሳል።

ቶሎ መድፈንም ዋጋ ያስከፍላል። በ300 ዲግሪ ያበቃ ከሰል ክብደቱ ደህና ነው፤ ከደረቁ እንጨት 42 በመቶ ያህል ይገኛል፤ ንጹሕ ካርቦኑ ግን 68 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ምድጃ ላይ ይጨሳል። 500 ሲደርስ ምርቱ ወደ 33 ይወርድና ካርቦኑ ወደ 86 ይወጣል። እነዚህ የቤተ ሙከራ ቁጥሮች ናቸው፤ የተለመደው የአፈር ክምር የሚሰጠው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። የሴኔጋሉ ካዛማንስ ክምር ከበርሜል በተሠራ የጭስ ማውጫ ትኩሱን ጭስ በእንጨቱ ውስጥ ወደ ታች ስለሚመልሰው ከ25 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል።

የጭስ ማውጫ ካላችሁ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በፕላስቲክ ወይም በሸክላ ዕቃ ተቀበሉት፤ ብረትን ይበላል። ለሳምንታት ሲቀመጥ ከባዱ ዝፍት ይዘቅጣል፤ ለአጥር እንጨት መቀቢያ ይሆናል። ከላይ ያለው ቡናማ ውሃ ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ስላለበት ልጅም ከብትም እንዳይቀምሰው።

ድንጋይ ከሰልን የብረት ማዕድን ወደሚቀልጥበት ጠንካራ ማገዶ፣ ወደ ኮክ፣ የሚለውጠውም ይኸው ብልሃት ነው፤ በዝግ ምድጃ ከ1000 እስከ 1100 ዲግሪ ይጋገራል። ልዩነቱ ለኮክ የሚሆነው ድንጋይ ከሰል ከ350 እስከ 500 ዲግሪ መካከል እንደ ሊጥ ለስልሶ ተያይዞ መልሶ መጠንከሩ ነው። እንጨትም ሆነ ሊግናይት የሚባለው ቡናማ ድንጋይ ከሰል አይለሰልስም፤ የዲከረንስ ከሰል የእንጨቱን ዓመታዊ ቀለበት ሳይቀር ይዞ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከድንጋይ ከሰል ናፍጣ የሚያወጡት እንደ ደቡብ አፍሪካው ሳሶል ያሉ ኩባንያዎች ደግሞ ድንጋይ ከሰሉን በእንፋሎትና በኦክስጅን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ከበተኑ በኋላ በብረት ወይም በኮባልት አጋዥነት መልሰው ያያይዙታል። ያ በሣርና በአፈር የሚሞከር አይደለም።

ጭሱ ጨርሶ ሲያበቃ ሁሉንም ድፈኑና ቢያንስ ሁለት ቀን ይቀዝቅዝ። አፈሩ ለእጅ ቀዝቃዛ ሳይሆን አትክፈቱ። ንፋስ በሌለበት ማለዳ ከጫፍ ጀምራችሁ አውጡ፤ ውሃና አፈር አጠገባችሁ ይኑር። ደህና ከሰል ሲሰበር ያበራል፣ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። ቡናማ እምብርት ያለውን ለሚቀጥለው ክምር ማቀጣጠያ ለዩት። ትኩስ ከሰል ኦክስጅን ስቦ ራሱን ሊያግል ስለሚችል አንድ ሙሉ ቀን ገላልጣችሁ ካቆያችሁት በኋላ በማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ፤ በወጣበት ቀን የተጫነ አይሱዙ መንገድ ላይ ሊቀጣጠል ይችላል።