የአናናስ ራሳም ስትሠሩ እባካችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

ራሳም የደቡብ ሕንድ ሾርባ ነው። ቀጭን፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ቁንዶ በርበሬና ከሙን የሚሸት። የደቡብ ሕንድ ግዛት በሆነችው ታሚል ናዱ ውስጥ ከምሳ ላይ ብዙም አይጠፋም። ከዓይነቶቹ ሁሉ እኔ የምወደው አናናስ የሚገባበትን ነው፤ እዚያ የሠርግ ድግስ ላይ የተለመደ ነው። ሕንድ አገር ተምረው የመጡ፣ አረብ አገር ከሕንዶች ጋር አንድ ማድ ቤት የሠሩ፣ ወይም የሆነ ቦታ ቀምሰው የወደዱት ልጆች አሠራሩን ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ሠርተው ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ፣ እቀምሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ግን ወጥ ነው። ጣፋጭ ወጥ ሊሆን ይችላል፣ ራሳም ግን አይደለም።

ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፍ። ሩዝ እንዴት እንደሚቀቀል አልነግራችሁም፣ እሱን ታውቃላችሁ።

አታንተክትኩት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። የኛ እጅ የለመደው ወጥ ነው። ወጥ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል፤ ቁሌቱ እስኪበስል፣ ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ እንጠብቃለን፣ ያልቆየ ወጥ “ጥሬ ጥሬ ይላል” እንላለን። ራሳም ላይ ያው ትዕግሥት ምግቡን ያበላሸዋል። የቁንዶ በርበሬና የከሙን መዓዛ ያለው ቅመሙ ውስጥ ባለው ዘይት ነው፣ እሱ ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይተናል። ሾርባው ሲንተከተክ ቤቱ በሽታ ይሞላና ደስ ይላችኋል፤ ግን ያ ሽታ ከድስቱ እየወጣ ነው። ስትቀምሱት የሚቀረው ማቃጠልና ትንሽ ምሬት ብቻ ነው። አናናሱም ይሟሽሽና መዓዛው ይጠፋል፣ ጣፋጭነቱ ብቻ ይቀራል።

አንዲት ጓደኛዬ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። እንግዶቹ ቆዩ፣ እሷም ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ብላ በትንሽ እሳት ተወችው። ስደርስ መልኩ ቡናማ ሆኗል፣ ከላይ ወፍራም ነገር ጋግሯል። እኔ ሳያት ደነገጠችና ሁለት ማንኪያ የራሳም ዱቄት፣ የተፈጨውን የቅመም ድብልቅ፣ ጨመረችበት። ባሰበት። ጥሬ ዱቄት ያረጀ ሾርባ አያድንም። እንግዶቹ ሩዙን በአልጫ በሉ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ይፈላል፣ በሁለተኛው አይፈላም። መጀመሪያ የተምር ሂንዲው (ኮምጣጣው ቡናማ ፍሬ) ውሃ፣ ቲማቲሙ፣ እርዱና ጨው አብረው ደህና አድርገው ይፈላሉ፣ ስምንት አሥር ደቂቃ ያህል፣ የተምር ሂንዲው ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ። “አታፍሉ” ስል ይህንንም የሚዘሉ አሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉሮሮ የሚይዝ ኮምጣጣ ነገር ይወጣል። ከዚያ የራሳም ዱቄቱ ይገባል፣ የተቆራረጠው አናናስ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። መጨረሻ ላይ በስሎ የተደፈጠጠው የክክ ውሃና የተፈጨው አናናስ ይጨመርና እሳቱ ዝቅ ይላል።

አሁን ከድስቱ አጠገብ አትነሱ። መጀመሪያ ጠርዙን ይዞ ቢጫ አረፋ ይወጣል፣ ቀጭን ቀለበት ይመስላል። ቀለበቱ ወደ መሃል እየወፈረ ይመጣል፣ መሃሉ ላይ ገና ጥርት ያለ ሾርባ ይታያል። አረፋው መሃል ላይ ሊገናኝ ሲል፣ ያኔ ይጠፋል። አንድ ጊዜ እንኳ “ፏ” ብሎ መፍላት የለበትም። የታሚል ናዱ ዋና ከተማ ቼናይ ተማሪ ሳለሁ የተከራየሁበት ቤት እመቤት፣ ሁላችንም አማ ነበር የምንላት፣ በዚህች ደቂቃ ሰው ቢያናግራት አትመልስም። አንድ እጇ ማጥፊያው ላይ ነው፣ ዓይኗ አረፋው ላይ። ስልክ ቢጮህ ይጮሃል።

ሽንኩርት አታቁላሉ

ራሳም ቁሌት የለውም። ነጭ ሽንኩርት የሚጨምሩ ቤቶች አሉ፣ ቀይ ሽንኩርት አቁላልቶ መጀመር ግን ሌላ ምግብ መጀመር ነው።

በርበሬና የኛ ንጥር ቅቤ

እዚህ ላይ ጀማሪዎቹን አልቆጣቸውም፣ ምክንያቱም ሐሳባቸው ይገባኛል፦ ቤት ያለው ምርጥ ነገር እሱ ነው። ግን በርበሬያችን ኮረሪማ አለው፣ በሶብላ አለው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አለው። አንድ ማንኪያ ከገባ ሌላው ሁሉ ይሸፈናል። የተነጠረው ቅቤም ያው ነው፤ ኮሰረቱ ብቻ አናናሱን ይደፋዋል። ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ከሌላችሁ ዘይት ተጠቀሙ። በጾም ጊዜማ በዘይት ብቻ ሠርታችሁ ምንም አይጎድለውም።

ከበርበሬ ወገን የሚገባው ደረቅ ዛላ በርበሬ ነው፣ እሱም ሁለት ወይም ሦስት ብቻ። ዋናው ማቃጠል ከቁንዶ በርበሬ ነው የሚመጣው። ቁንዶ በርበሬ የራሱ የማላባር ጠረፍ፣ የደቡብ ምዕራብ ሕንድ ዳርቻ፣ ተክል ነው። በርበሬ፣ ቲማቲምና አናናስ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ወደ ሕንድ መግባት የጀመሩት ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. ካሊከት ከደረሰ በኋላ ፖርቱጋሎች በከፈቱት መንገድ ነው። ተምር ሂንዲ ደግሞ፣ ስሙ የሕንድ ይሁን እንጂ፣ ዛፉ የአፍሪካ ነው። ይህን የምነግራችሁ ቁንዶ በርበሬውን እንዳትቀንሱት ነው። የአናናስ ጣፋጭነት ሲኖር ከተለመደው ራሳም እንኳ ጨመር መደረግ አለበት።

የታሸገ የራሳም ዱቄት ካላገኛችሁ አትጨነቁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቱር ዳል (የሕንዶች ቢጫ ክክ)፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ፣ ሁለት ዛላ በርበሬ፣ በትንሽ እሳት ሽታቸው እስኪወጣ ብቻ አመስ አመስ አድርጋችሁ ሸርከት አድርጉት። አታልሙት። ለአራት ሰው ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ የቀረውን በጠርሙስ ከድኑት።

ከሙን ሲባል ከሙን ነው። ነጭ አዝሙድ አይተካውም፣ ጥቁር አዝሙድም አይተካውም።

የከሪ ቅጠልና የከሪ ዱቄት አይገናኙም

ቅጠሉ ከአንድ ዛፍ የሚቀነጠስ ነው፣ ዱቄቱ የብዙ ቅመም ድብልቅ ነው። ቅጠሉን ካላገኛችሁ ተዉት፣ ዱቄቱን ግን አታስገቡ።

ያልበሰለ አናናስ፣ የቆርቆሮ አናናስ

ከሲዳማ በኩል የሚመጣው አናናስ ሲበስል በጣም ጥሩ ነው፣ ችግሩ ሰው ቸኩሎ አረንጓዴውን ይገዛል። ከሥሩ አሽትቱት። ከሥሩ ካልሸተተ ሾርባም ውስጥ አይሸትም። ያልበሰለ አናናስ ኮምጣጣ ነው፣ ተምር ሂንዲውም ኮምጣጣ ነው፣ ቲማቲሙም እንደዚያው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ፊት ያጨማድዳሉ። ከዚያ ሰው ምን ያደርጋል? ስኳር ይጨምራል። ከዚያ ጨው። ከዚያ ውሃ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ድስት ሙሉ ስም የሌለው ነገር ይኖራችኋል።

የቆርቆሮው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በስኳር ሽሮፕ ነው የሚታሸገው፣ ሾርባውን ከረሜላ ያደርገዋል። ሌላ ምርጫ ከሌለ በራሱ ጭማቂ የታሸገውን ፈልጉ፣ አጥልሉት፣ ስኳር የሚባል ነገር አታስነኩት።

ለአራት ሰው አንድ ኩባያ ተኩል የተቆራረጠ አናናስ በቂ ነው። አንዱን ኩባያ በትናንሹ ቁረጡት፣ ግማሹን ኩባያ ፍጩት። ሁሉንም ፈጭተው የሚያስገቡ አሉ፤ ጭማቂ ይሆናል። ሁሉንም ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ፤ ሾርባው ለብቻው አናናሱ ለብቻው ይሆናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ተምር ሂንዲውን ደግሞ ለተራ ራሳም ከምታስገቡት በግማሽ ቀንሱት፣ የትንሽ ሎሚ ግማሽ የምታክል ትበቃለች፣ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ አጥልላችሁ።

በሎሚ የሚሠራም ራሳም አለ። የሎሚውን ጭማቂ ድስቱ ከወረደ በኋላ ብቻ ጨምሩ፣ እሳት ላይ ከገባ ይመራል።

ክኩ በዛ

ሩብ ኩባያ ቱር ዳል ለአራት ሰው ይበቃል። ቢጫው ክክ ነው፣ የሕንድ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ያውቁታል፣ ከጠፋ የምስር ክክ ይሠራል። በጣም አብስሉት፣ በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጡት፣ ውሃ ጨምሩና አቅጥኑት። ከላይ ያለውን ውሃ ብቻ የሚጠቀሙም አሉ። የሚፈለገው ሾርባው ትንሽ ሰውነት እንዲኖረው ነው እንጂ እንዲወፍር አይደለም። ሲሞላ ከብርጭቆ ሊጠጣ ይገባል፤ እዚያ ብዙ ሰው እንደዚያም ይጠጣዋል። እንጀራ የሚያነሳው ከሆነ ክኩ በዝቷል።

ድስቱ

አሲድ ያለበት ምግብ በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ሲቆይ ብረት ብረት ይላል። ይህኛው ሾርባ ደግሞ ተምር ሂንዲ፣ ቲማቲምና አናናስ ያለበት ነው። የማይዝግ ብረት ወይም ሸክላ ድስት ተጠቀሙ።

ታሚል ናዱ ውስጥ ለራሳም ብቻ የሚሆን ከቆርቆሮ ማዕድን በእጅ የሚሠራ ዕቃ አለ፣ ኢያ ሶምቡ ይሉታል። ለስላሳ፣ ብርማ፣ ከባድ ነው። አማ አንድ ነበራት። ይህ ማዕድን በ232 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ባዶውን እሳት ላይ አይጣድም፤ ውሃው መጀመሪያ፣ እሳቱ ቀጥሎ። አንዲት ተከራይ ሳታውቅ ባዶውን ጥዳው ነበር። ሥሩ ቀልጦ ምድጃው ላይ እንደ ውሃ ተንጠባጠበ። አማ ልጅቷን አልተቆጣቻትም፣ ግን ያን ቀን ራሳም አልነበረም። እናንተ ጋ ይህ ዕቃ ካለ ተጠንቀቁ።

ሂንግ

ሂንግ ከተክል ሥር የሚወጣ የደረቀ ሙጫ ነው፣ ቅመም ሆኖ ይገባል። ሽታው ለለመደው ደስ ይላል፣ ላለመደው ይከብዳል። አንዳንዱ ሽታውን ይፈራና ይተወዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ እርድ በማንኪያ ይሰፍረዋል። በጣት ቁንጥር ነው፣ ከዚያ በላይ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ሁልጊዜ የጋለ ዘይት ውስጥ ይግባ እንጂ ጥሬውን ሾርባ ላይ አትነስንሱት። ሕንድ ይህን ያህል የምትወደውን ቅመም ከአፍጋኒስታንና ከኢራን እያስመጣች ነው የኖረችው፤ በራሷ መሬት፣ ሂማቻል ፕራዴሽ ተራራ ላይ፣ መትከል የጀመረችው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ ማሸጊያውን አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሸጠው።

ማጠናቀቂያው ላይ መቸኮል

መጨረሻ ላይ በትንሽ መጥበሻ ቅቤ ወይም ዘይት ይግላል፣ ሰናፍጭ ይገባል። ሰናፍጩ ፍሬው ነው፣ የተፈጨው አይደለም። መንጣጣት አለበት። ካልተንጣጣ ጥሬ ሆኖ ይመራል፣ ከጠቆረ ደግሞ ተቃጥሎ ይመራል፣ መሃሉ ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ከጎን አዘጋጁ፦ ከሙን፣ ዛላ በርበሬ፣ ሂንግ፣ የከሪ ቅጠል። ቅጠሉን በደንብ አድርቁት፣ ውሃ ካለበት ዘይቱ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ከዚያ እንደተንጣጣ ወዲያው ሾርባው ላይ ድፉትና ክዳኑን ግጠሙ። አምስት ደቂቃ አትክፈቱት። ያ የተለፋበት መዓዛ ክዳኑ ሥር ነው ያለው። የድንብላል ቅጠል ከበላችሁ ያኔ ከትፋችሁ ጣሉበት።

ከሙሊጋታኒ ጋር አታደባልቁት

“ሕንድ ሾርባ ፖም ይገባበታል ሲሉ ሰምቼ” ብሎ ፖምና የኮኮናት ወተት የጨመረበት ልጅ አለ። ያ ሙሊጋታኒ ነው። እንግሊዞች ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ሳሉ ይህንኑ የቁንዶ በርበሬ ውሃ ወስደው ሥጋ፣ ሩዝና የከሪ ዱቄት እየጨመሩ ያወፈሩት ነው። ጥሩ ምግብ ነው፣ ሽንኩርት ይቁላላበታል፣ ይንተከተካል፣ የኛ እጅ በደንብ ይሠራዋል። እጃችሁ አልታዘዝ ካለ እሱን ሥሩ፣ አልቃወምም። ግን አንዱን ምረጡ። የኮኮናት ወተትና ተምር ሂንዲ ሳይታሰብበት አንድ ላይ ሲገቡ ይቆራረጣል።

አቀራረብ

ታሚሎች ሩዙን በየተራ ነው የሚበሉት፦ መጀመሪያ በሳምባር (ወፍራም የክክና የአትክልት ወጥ)፣ ቀጥሎ በራሳም፣ መጨረሻ በእርጎ። ወፍራሙ ቀድሞ፣ ቀጭኑ ተከትሎ። እናንተ በፈለጋችሁት ብሉት፣ ሩዙ ግን ትኩስና ለስለስ ያለ ይሁን፣ ሾርባው ደግሞ ሩዙን ያጥለቅልቀው። ማንኪያ ሙሉ ጠብ አድርጋችሁ እንደ ስጎ አታርጥቡት።

የተረፈውን በማግስቱ ስታሞቁ አሁንም አታፍሉት። እንፋሎት ሲጀምር አውርዱት። ከሥር የረጋውን ክክና አናናስ በጭልፋ አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጉት፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬና ከሙን ወቅጣችሁ ጨምሩበት፣ ክደኑት።