በእጅ ሲነሳ የሚሰራ ስክሪፕት ክሮን ላይ ሲቆም እንዴት ይስተካከላል?

ፒያሳ ባለ አንድ የሂሳብ ቢሮ ሌሊት ሌሊት ባክአፕ የሚወስድ ስክሪፕት አለ እንበል። ተርሚናል ላይ ሲነሳ ምንም አይለውም፤ ክሮን (በተያዘለት ሰዓት ትእዛዝ የሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ሲያስነሳው ግን ጠዋት ፎልደሩ ባዶ ነው። ስክሪፕቱን እንደገና ለመጻፍ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው የሚያስነሳው ሼል (ትእዛዞችን አንብቦ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ላይ ነው።

ተርሚናል ላይ የምትጠቀሙት ባሽ የሚባለውን ሼል ነው። ክሮን ግን ካልነገራችሁት «ኤስኤች» (sh) የሚባለውን ይጠራል። ኡቡንቱ ላይ ደግሞ እሱ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዳሽ የሚባል ሌላ ሼል ነው። ዳሽ ቀላልና ፈጣን ነው፤ [[ ]] (የባሽ የሁኔታ መፈተሻ) እና አሬይ (በአንድ ስም የተያዙ ብዙ ዋጋዎች) ግን አያውቅም።

መጀመሪያ ኤረሩን ያዙት። ክሮን መልእክቱን በሜይል ነው የሚልከው፤ ማሽኑ ላይ ሜይል ካልተዘጋጀ ሳይደርሳችሁ ይጠፋል። ስለዚህ ክሮንታቡ (የክሮን ሥራዎች የሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ከትእዛዙ መጨረሻ >> አድርጋችሁ የሎግ ፋይሉን ሙሉ አድራሻ፣ ከዚያ 2>&1 ጨምሩ። በማግስቱ ሎጉ ላይ «[[ አልተገኘም» የሚል ካያችሁ ጥፋተኛው ዳሽ ነው።

አሁን የስክሪፕቱን የመጀመሪያ መስመር እዩ። #! እና የባሽ ሙሉ አድራሻ መኖር አለበት፣ ፋይሉም የመነሳት ፈቃድ ይኑረው። ይህን አስተካክለው ክሮንታብ ላይ ከስክሪፕቱ ስም በፊት ኤስኤች ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ያኔ ያ መስመር ተራ ኮሜንት ሆኖ ይታለፋል፣ ልፋቱም ከንቱ ነው። ፋይሉ ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ የመጣ ከሆነ ደግሞ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ስለሚኖር ዶስቱዩኒክስ (dos2unix) በሚባለው ትእዛዝ አጽዱት።

ክሮንታቡ ላይ ራሱ የባሽ አጻጻፍ ካለ፣ ከላይ የሼል ቫሪያብሉን (SHELL) የባሽ ሙሉ አድራሻ አድርጉት። % ካለ ፊቱ \ ይግባ፤ አለበለዚያ ክሮን እንደ አዲስ መስመር ነው የሚያየው።

ፓዝም (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) አለ። የክሮን ፓዝ አጭር ስለሆነ ሌላ ቦታ የተጫነ ፕሮግራም አያገኝም። ተርሚናል ላይ ዊች (which) በሚባለው ትእዛዝ ፈልጋችሁ ሙሉ አድራሻውን ስክሪፕቱ ውስጥ ጻፉት።

ሰዓቱንም አደራ። ክሮን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለእሱ 2 ነው፣ ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) ከሆነ ደግሞ 23።