«ዲቫውት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አጥንቶ ለመያዝ

«ዲቫውት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያገኘ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በደብተሩ «ሃይማኖተኛ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ፍቺው ስሕተት ባይሆንም ይጎድለዋል፤ ቃሉ ሃይማኖት ያለውን ሰው ሁሉ ሳይሆን እምነቱን ከልቡ ይዞ በጸሎት፣ በጾምና በስግደት የሚተጋውን የሚገልጽ ቅጽል ነውና።

ስለዚህ ከፍቺው ጋር የሚያውቁትን ሰው አብረው ይያዙ። ባሕር ዳር ለሚኖር ይህ አይቸግርም። ማለዳ በጣና ዳር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል የሚያልፍ ሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግንባራቸውን ከበሩ መቃን አስደግፈው፣ ከንፈራቸው በጸሎት እየተንቀሳቀሰ ለረጅም ጊዜ ደጁን የሚሳለሙ እናት ያያል፤ ቃሉ የሚገልጸው እኒህን እናት ነው። አምስቱን የሶላት ወቅቶች ሳያጓድል የሚሰግድ ሙስሊም ጎረቤትም «ዲቫውት ሙስሊም» ይባላል።

የቃሉ ፊደላት ዲ፣ ኢ፣ ቪ፣ ኦ፣ ዩ፣ ቲ ሲሆኑ፣ ሲነገር «ቫውት» የሚለው ክፍል በረታ ይላል። «ቭ»ን ወደ «ብ» መለወጥ ስለሚቀናን፣ የላይኛውን ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ አሳርፎ ድምፁን ማውጣት ያስፈልጋል።

ቃሉን ከአእምሮ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሥሩን ማወቅ ነው። ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የላቲኑ ግሥ መሳልን፣ ለአምላክ ቃል መግባትን ያመለክታል። እንግሊዝኛ ስለትን «ቫው» የሚለውም ከዚያው ሥር ወስዶ ነው፤ «ዲቫውት»ን ቀስ ብለው ሲናገሩትም «ቫው» በመካከሉ ይሰማል። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ፣ በቡናው ጥላ ሥር ባለው መንገድ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስለቱን ሊያስገባ የሚወጣውን ምእመን ካሰቡ፣ ድምፁም ትርጉሙም አብረው ይመጣሉ።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው «ዲቮትድ» ከሚለው ዘመዱ ጋር እንዳይምታታ ነው። ይህ ሁለተኛው ቃል ለልጆቹ፣ ለሥራው ወይም ለወዳጁ ራሱን ለሰጠ ሰው ይነገራል። በተማሪዎች ደብተር ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ለሥራው የሚተጋውን መምህር ለማመስገን «ሂ ኢዝ ኤ ዲቫውት ቲቸር» ብሎ መጻፍ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ አንባቢ ከዚህ የሚረዳው መምህሩ ጸሎተኛ መሆኑን ነው። ስለዚህ በየቃሉ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በ«ዲቫውት» ስለ አያትዎ ጸሎት፣ በ«ዲቮትድ» ደግሞ ስለዚያ መምህር።