ዲቃላ ኦርኪድ ገዝተው ሲያስቸግርዎ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ኦርኪድ ብቻ ከሚያባዛ ችግኝ ጣቢያ የተገዛ ዲቃላ ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው ጥፋቱን ውሃ አጠጣጡ ላይ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ገና ሲታዘዝ ነው፤ ስያሜው ሳይነበብ፣ የተክሉ መጠን ሳይጠየቅ። ስለዚህ በሚቀጥለው ግዢ ምን መጠየቅ እንዳለብዎም እግረ መንገዳችንን እንጠቁማለን።

አበባው ከፎቶው ጋር አይመሳሰልም

ተክሉ ከዘር የበቀለ ነው ማለት ነው። ሁለት ኦርኪዶች ተዳቅለው ከሚገኘው ዘር የሚበቅሉት ችግኞች እንደ አንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ቀለማቸውም ቅርጻቸውም ይለያያል። ሻጩ ያሳየው ፎቶ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የወላጁ ነው፣ ወይም ከወንድማማቾቹ መካከል የተመረጠው።

መልሱ መለያ ካርዱ ላይ አለ። የዲቃላው ስም የሁለቱ ወላጆች ልጆች ሁሉ የጋራ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚመዘግበው የብሪታንያ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ ነው። ከዚህ ስም ቀጥሎ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሌላ ስም ካለ ግን የአንድ የተመረጠ ተክል መጠሪያ ነው፤ በቲሹ ካልቸር (ከተክሉ በተወሰደ ትንሽ ቁራጭ በላቦራቶሪ) ወይም በክፍፍል የተባዛ ስለሆነ አበባው ከፎቶው ጋር መመሳሰል አለበት። ካርዱ ላይ ያለው የሁለት ወላጆች ስምና በመካከላቸው የማባዣ ምልክት ብቻ ከሆነ፣ የወላጆቹ ስም የቱንም ያህል በጥቅስ ቢያጌጥ፣ የገዙት ከዘር የበቀለ ችግኝ ነው።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ አለ። ፓፊዮፔዲለም የተባለው የኦርኪድ ወገን በቲሹ ካልቸር ለገበያ በሚበቃ መጠን አይባዛም፤ ያን የተመረጠ ተክል የሚያገኙት ከእናቱ ተከፍሎ ብቻ ነው። በጥቅስ የተሰየመ ፓፊዮፔዲለም በብዛትና በርካሽ ከቀረበልዎ «ክፋይ ነው ወይስ ከዘር?» ብለው ሳይጠይቁ አይክፈሉ።

ከዘር የበቀለ መግዛት ስህተት አይደለም፤ የትም የሌለ አበባ የሚገኘው ከዚያ ነው። ግን አውቀው ይግዙት።

ጤነኛ ነው፣ ግን አያብብም

አንደኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ፋሌኖፕሲስ የተባለው የኦርኪድ ወገን በላቦራቶሪ ካደገበት ጠርሙስ ከወጣ በኋላ ለማበብ 2 ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ካትሊያ የተባለው ሌላው ወገን ከዚያም በላይ ይቆያል። «ለማበብ የተቃረበ» የሚለው አገላለጽ ሌላ አንድ ሁለት ዓመት መጠበቅ ሊሆን ይችላል። የመትከያውን ስፋት አይጠይቁ፤ ትንሽ ተክልም ትልቅ መትከያ ውስጥ ይገባል። ከቅጠል ጫፍ እስከ ቅጠል ጫፍ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነና ከዚህ በፊት አብቦ እንደሆነ ይጠይቁ።

ያደገ ሆኖ ካላበበ ብርሃኑንና ሙቀቱን ይዩ። ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ለስላሳ ቅጠል የብርሃን እጥረት ምልክት ነው። ፋሌኖፕሲስ ቀን ከሌት ከ28 ዲግሪ በላይ ከሆነበት የአበባ ዘንግ አያወጣም፤ ለ6 ሳምንት ያህል ከ25 ዲግሪ በታች ያቆዩት።

ቅጠሉ ዛለ፣ ተጨማደደ

ተክሉ ውሃ አጥቷል፤ ጥያቄው ለምን እንዳጣ ነው። ከመትከያው አውጥተው ሥሩን በጣትዎ ይጫኑ። ጠንካራና ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ መንገድ ላይ ደርቆ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ይትከሉት። ቡናማና ልፍስፍስ ሆኖ ሲጎትቱት ቆዳው ተገፎ ክር ብቻ የሚቀር ከሆነ በስብሷል፤ ተጨማሪ ውሃ ይገድለዋል።

በተለይ ፋሌኖፕሲስ ላይ ምክንያቱ መሃል ላይ ተደብቋል። ችግኙ በልጅነቱ ያደገበት የተጠቀጠቀ ስፋግነም (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ተክል) ወይም ስፖንጅ ሳይወጣ ዙሪያውን ቅርፊት ተሞልቶበት ይሸጣል። ላዩ ሲደርቅ ያጠጡታል፤ መሃሉ ግን ገና እርጥብ ነው። ያንን ጉብታ ቀስ ብለው ያውጡት፣ የበሰበሰውን ሥር በእሳት ባጸዱት መቀስ ይቁረጡ፣ ከዚያ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር በሆነ የጥድ ቅርፊት፣ የቀረውን ሥር ልክ በሚይዝ ጠባብ መትከያ ይትከሉት። የተጨማደደው አሮጌ ቅጠል ላይመለስ ይችላል፤ የሚጠበቀው አዲስ የሥር ጫፍ ነው። እስኪታይ ድረስ ማዳበሪያ አይስጡ።

እምቡጡ ረገፈ

ጨለማ ሳጥን ውስጥ መቆየት፣ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥና ከሚበስል ፍራፍሬ የሚወጣው ኤትሊን ጋዝ ያረግፉታል። የረገፈው አይመለስም፤ ተክሉ ግን አልሞተም። ሲያዝዙ እምቡጥ የሌለበትን ይምረጡ።

ቅጠሉ ላይ ጠቆር ያለ ቦታ ታየ

ጠርዙን በእስክሪብቶ ያስምሩና ከ2 ቀን በኋላ ይመልከቱት። መስመሩን ካላለፈና እየደረቀ ከሄደ መንገድ ላይ ያገኘው የብርድ ጉዳት ነው፤ ይተዉት። ውሃ ያዘለ፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነና መስመሩን ያለፈ ከሆነ ባክቴሪያ ነው። ከጤነኛው ክፍል 2 ሳንቲ ሜትር ጨምረው ይቁረጡ፣ ቁስሉ ላይ የቀረፋ ዱቄት ይነስንሱ። ቀረፋው ሥር እንዳይነካ፤ ያደርቀዋል።

ጉምሩክ ያዘው

የኦርኪድ ቤተሰብ በሙሉ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የሚያሰጉ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ነው፤ ፓፊዮፔዲለም ደግሞ ጥብቅ በሆነው አባሪ 1 ውስጥ ይገኛል። ከውጭ ሲያስመጡ የሳይተስ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ማን እንደሚያወጣ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ።

ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር፣ ወይም ቀለሙ የተሰባበረ አበባ

ጥጡ የሚሊባግ ነፍሳት ነው፤ በ70 ፐርሰንት አልኮል በተነከረ ጥጥ እየጠረጉ በየሳምንቱ ይደጋግሙት። አዲስ ተክል ሁሉ ለ4 ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ።

ቀለሙ የተሰባበረ አበባና ቅጠል ላይ የሚታይ ጠቆር ያለ መስመር ግን ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል በመመርመሪያ ስትሪፕ ያረጋግጡ። መድኃኒት የለውም፤ ከተረጋገጠ ተክሉን ያስወግዱ። በቲሹ ካልቸር የተባዛ ከሆነ እናት ተክሉም ተይዛ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱን ለጣቢያው ይላኩ።